የወረሴህ ቤትና የበጌምድር ጉልት

ቤተ መንግሥት ሲባል የብዙ ሰው አሳብ ወዲያው ወደ ጎንደር ግንብ ይሄዳል። ይህም የሚያስደንቅ አይደለም። ዐፄ ፋሲለደስ ከ1628 ዓ.ም. ጀምሮ በቈረቈሩት ከተማ እርሳቸውና ከእርሳቸው በኋላ የነገሡት ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ያሠሩት ሕንፃ እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። ከዚያም በፊት ዐፄ ሠርፀ ድንግል በእንፍራዝ አጠገብ ያሠሩት የጉዛራ ግንብ ከኮረብታው ላይ ሆኖ የጣናን ባሕር ይመለከታል። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ሳይነሣ ብዙ ጊዜ ይታለፋል። ይኸውም፤ የጎንደር ነገሥታት ኃይል ከደከመ በኋላ ሰባ ዓመት ለማይሞላ ዘመን አገሪቱን በእንደራሴነት የገዛው የየጁ መሳፍንት ቤት፤ ወረሴህ የሚባለው ወገን፤ ቤተ መንግሥቱ የት አለ? የሚል ነው።

ስለ ቦታው የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፤ ደብረ ታቦር ነበረ። ቤቱ ምን ነበረ፤ በምን ቆሞ፤ ለምንስ ግንብ ሳይተውልን ቀረ? ብለን ስንጠይቅ ግን መልሱን በደብረ ታቦር ኮረብታ ላይ ብቻ ብንፈልገው አናገኘውም። ከጉና ተራራ በስተ ደቡብና በስተ ምሥራቅ ወዳለው አገር፤ ወደ እስቴ፤ ወደ ስማዳና ወደ ጋይንት መውረድ ያስፈልገናል። የአርብ ገበያ ሰው የደብረ ታቦርን ግቢ ታሪክ የሌላ አገር ታሪክ አድርጎ እንዳያየው የምንለውም ስለዚህ ነው።

ነገሩ እንዲገለጥልን አስቀድመን ራቅ ካለ አገር አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በስፔን አገር የአልባ መስፍን የሚባል ማዕርግ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1472 ተመሥርቶ እስከ ዛሬ በአንድ ቤተ ሰብ እጅ ሲወርድ ሲዋረድ ኖሯል። ይህ ቤተ ሰብ በማድሪድ ሊርያ የሚባል፤ በሴቪሊያ ዱዌኛስ የሚባል፤ በሳላማንካ ሞንተሬይ የሚባል ቤተ መንግሥት አለው። የማዕርጉ ስም የወጣበት አልባ ዴ ቶርሜስ በሚባለው ከተማም የጥንቱ አምባቸው ግንብ ቆሞ ይታያል። ስመ ጥሩው ባለ ቅኔ አንቶንዮ ማቻዶ በ1875 የተወለደው አባቱ በሚኖርበት በዚሁ በሴቪሊያው ቤት ውስጥ ነው። ሊርያ በ1936 በእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ በቦምብ ተቃጥሎ ከፊት ለፊቱ ግድግዳ በቀር ያልቀረለት ሲሆን፤ ጦርነቱ ካለፈ በኋላ እንደ ገና ተሠርቶ ከ2019 ጀምሮ ለጎብኚ ተከፍቷል።

የተቃጠለ ቤት እንዲህ ተመልሶ የሚሠራው ለምንድን ነው? ሀብት ስላለ ብቻ አይደለም። በስፔን የመሳፍንት ርስት ማዮራስጎ በሚባል ሕግ የታሰረ ነበር። በዚህ ሕግ የቤቱ ርስት አይሸጥም፤ ለልጆች አይከፋፈልም፤ ሳይጐድል በሙሉው ለበኵር ልጅ ያልፋል። ሕጉ በ19ኛው መቶ ዘመን ቢሻርም እስከዚያ ድረስ ለብዙ ትውልድ ቤትንና መሬትን አንድ ላይ አስሮ አቆይቷል። በዚህ ምክንያት አባት የጀመረውን ግንብ ልጅ ይጨርሰዋል፤ የልጅ ልጅ ሥዕልና መጽሐፍ ይሞላበታል። በአንዳሉስያ ሰፊ እርሻ ላይ በቀን ዋጋ የሚያርሰው ድኻ ግን ያ ሁሉ ሥዕል ከእርሱ ላብ እንደ ተገዛ የሚነግረው ሰው አልነበረም። ይህንን የጠቀስነው የእነርሱን ከእኛ ለማስበለጥ አይደለም፤ ልዩነቱ ከግንበኛ ጥበብ ሳይሆን ከመሬት ሕግ የመጣ መሆኑን ለማሳየት ነው።

በበጌምድር ርስትና ጉልት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነበሩ። ርስት ከአቅኚ አባት ተያይዞ የሚመጣ የተወላጅ ሁሉ መብት ነው፤ ወንዱም ሴቱም ይካፈለዋል፤ ስለዚህ በየትውልዱ እየተሸነሸነ ይሄዳል። ጉልት ደግሞ መሬቱን ሳይሆን ከመሬቱ የሚወጣውን ግብርና አገልግሎት የመብላት መብት ሲሆን፤ ንጉሥ ወይም ራስ ለመኰንን ወይም ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው ነው። ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠው ጉልት ብዙውን ጊዜ ጸንቶ ይኖራል። ለመኰንን የተሰጠው ግን ሰጪው በፈለገ ጊዜ ሊነሣ ይችላል፤ ባለ ጉልቱ ተሽሮ ሌላ ሲሾም አገሩም ግብሩን ለአዲሱ ሹም ያገባል። እንግዲህ ነገ የሚነሣ ሹመት ይዞ ለልጅ ልጅ የሚቈይ የኖራ ግንብ የሚያሠራ ማን ነው? ሹም ሽር ባለበት አገር ብልህ ሰው ገንዘቡን የሚያኖረው በግድግዳ ላይ ሳይሆን በሰው ላይ ነው። ፈረስ፤ ጠመንጃ፤ አሽከርና ግብር የሚበላ ጭፍራ ሲሸሹ አብረው ይሸሻሉ፤ ግንብ ግን ለጠላት ይቀራል።

ይህንን ይዘን ወደ ወረሴህ ቤት እንመለስ። የቤቱን ኃይል ያቆሙት ከየጁ የተነሡት ታላቁ ራስ ዓሊ፤ የጓንጉል ልጅ፤ በ1776 ዓ.ም. ገደማ እንደራሴ ሲሆኑ ነው። ወገኑ ቀድሞ እስላም የነበረና በኋላ ክርስትና የተነሣ በመሆኑ፤ ጠላቶቹ ይህንን ነገር በየጊዜው ያነሡበት ነበር። ከራስ ዓሊ በኋላ ወንድማቸው ራስ አሊጋዝ ገዙ። ቀጥሎ ነገሩ ጥቂት ጊዜ ሲናወጥ ቆይቶ በራስ ጉግሣ መርሳ እጅ ረጋ። ራስ ጉግሣ እስከ ሞቱበት እስከ 1817 ዓ.ም. ድረስ ሩብ ምዕት ያህል በጌምድርን የገዙ ሲሆን፤ ደብረ ታቦርንም ዋና መቀመጫ ያደረጉ እርሳቸው ናቸው።

የቦታው ምርጫ የአዋቂ ምርጫ ነበር። ደብረ ታቦር በጉና ግርጌ ያለ ደጋ ነው። ጉና ከባሕር ወለል በላይ ከ4 ሺህ ሜትር የሚበልጥ ተራራ ሲሆን፤ ከእርሱ የሚነሡት ርብና ጉማራ ወደ ምዕራብ ወርደው ፎገራን አጠጥተው ጣና ይገባሉ፤ በምሥራቅ በኩል ያለው ውሃ ደግሞ ወደ በሽሎ ይሄዳል። እዚያ የተቀመጠ ገዥ ጎንደርን ከአንድ ወገን፤ ጎጃምን ከሌላው ወገን ይጠብቃል፤ ወደ ጋይንትና ወደ ዋድላ ያለውን መንገድም ይይዛል። በጋይንት በኩል ያለው መንገድ ደግሞ ወደ አባት አገራቸው ወደ የጁ የሚያገባ ነው። ቀን የጐደለ እንደ ሆነ የማምለጫ በር ሆኖ የሚያገለግለው ይኸው መንገድ ነበር።

ስለ ራስ ጉግሣ ሁለት ነገር ሳይነገር አይታለፍም። አንደኛው የጋብቻ ፖለቲካቸው ነው። ሴቶች ልጆቻቸውን ለታላላቅ ባላባቶች እየዳሩ ተቀናቃኞቻቸውን አማች አደረጓቸው። ከነዚህም ልጆች አንዷ ወይዘሮ ሒሩት ለስሜኑ ገዥ ለደጃዝማች ኃይለ ማርያም ተዳረች፤ ይህችን ወይዘሮ አንባቢ እንዲያስታውሳት እንለምናለን፤ በኋላ ታስፈልገናለች። ሁለተኛው የመሬት ነገር ነው። በራስ ጉግሣ የልጅ ልጅ ዘመን በአገራችን ብዙ ዓመት የቆየው ፈረንሳዊው አርኖ ዳባዲ እንደ ጻፈው፤ ራስ ጉግሣ የመኳንንቱን የቆየ የመሬት መብት ሰብረው ሹመቱና መሬቱ በገዥው ፈቃድ የሚሰጥና የሚነሣ እንዲሆን አደረጉ። ይህ ለራሳቸው ጊዜ እጅግ የጠቀመ ዘዴ ነበር። ነገር ግን እኛ እንደሚመስለን ለገዛ ቤታቸውም የተቈፈረ ጉድጓድ ሆነ። የሌላውን ቤት ከመሬቱ የነቀለ ሕግ የእርሳቸውንም ቤት ከመሬቱ ጋራ አላሰረውም።

የዚያ ዘመን የመኰንን ግቢ አሠራሩ በየትም ቦታ ተመሳሳይ ነው። ከውጭ የእሾህ ወይም የድንጋይ አጥር ይዞረዋል፤ ከዚያ ውስጥ ሁለተኛ አጥር አለ። በመካከሉ ትልቁ አዳራሽ ይቆማል፤ እርሱም ክብ ሆኖ ግድግዳው ከድንጋይና ከጭቃ ወይም ከእንጨትና ከጭቃ፤ ምሰሶው ከጥድ ወይም ከወይራ፤ ጣራው ከሣር ነው። ከአዳራሹ ጀርባ እልፍኙ፤ ከእልፍኙ ወዲያ ማጀቱ፤ ጠጅ ቤቱ፤ እንጀራ ቤቱ፤ ግምጃ ቤቱ፤ የፈረስና የበቅሎ ጋጣው ይከተላል። የጌታው የተመረጠ ፈረስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከጌታው ጋራ በአንድ ጣራ ሥር ይታሰር ነበር። ከውጭው አጥር ባሻገር የጭፍራው ጎጆ እንደ እንጉዳይ ይፈላል። ክረምት ሲገባ ሠራዊቱ በዚያ ይከርማል፤ መስቀል ሲጠባ ይዘምታል፤ ከተማውም ግማሹ አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ ደብረ ታቦር ከተማም ሰፈርም ነበረች ብንል ከእውነቱ አንርቅም።

እንዲህ ያለውን ግቢ ማን ሠራው? ግንበኛው ወይም አናጢው ማን ነበር ማለታችን አይደለም፤ እንጨቱን ማን ቈርጦ አመጣው፤ ሣሩን ማን አጨደው፤ አጥሩን በየዓመቱ ማን አደሰው ማለታችን ነው። የጉልት አገር ገበሬ ግዴታ እህል ማግባት ብቻ አልነበረም። ለባለ ጉልቱ ቤት ይሠራል፤ አጥር ያጥራል፤ እንጨት ይሸከማል። ሁዳድ በሚባለው የጌታ እርሻ ላይ የራሱን በሬና ሞፈር ይዞ ያርሳል፤ ያርማል፤ ያጭዳል፤ ይወቃል። ለበዓል ሙክትና ማር ያመጣል። ሹም ሲያልፍ ድርጎ ያወጣል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ተሰሪ ነው። ወታደር በገበሬው ቤት ተመርቶ ገብቶ ያለውን ይበላል፤ ሚስቱን ያስፈጫል፤ ሲሄድም ዘሩን እንኳ ሳይተው ሊሄድ ይችላል። በዘመነ መሳፍንት ለገበሬ ጠላትና ወዳጅ የሚለዩት በመጡበት አቅጣጫ ብቻ ነበር፤ የሚበሉት አንድ ነው።

ከደብረ ታቦር ግቢ ዙሪያ ያለው አገር ሁሉ በዚህ ሥርዓት ሥር ነበረ። ላይ ጋይንት ደጋው ገብስና ስንዴ፤ ታች ጋይንት ወደ በሽሎ ሲወርድ ጤፍና ማሽላ ያበቅላል። ከነፋስ መውጫ ወደ ደቡብ ወርደን የምናገኛት የታች ጋይንት ዋና ከተማ አርብ ገበያ፤ በየሳምንቱ አርብ ከሚቆመው ገበያ ስሟን ያገኘች ናት። እንዲህ ያሉት የሳምንት ገበያዎች ለገበሬው የዕረፍት ቦታ ብቻ አልነበሩም፤ አሞሌ ጨውና ብር የሚገኙባቸው፤ ግብር የጐደለበትም እህሉን ወይም ፍየሉን ሸጦ ጉድለቱን የሚሞላባቸው ነበሩ። የራስ አዳራሽ የሚመገበው ከእንዲህ ያለ መንደር ነው። አጋፋሪው በማዕርግ እያሰለፈ የሚያስገባው እንግዳ፤ አሳላፊው የሚያዞረው ጠጅ፤ ብርንዶ እየቈረጠ የሚበላው ጭፍራ፤ ይህ ሁሉ ሲጠረግ ኋላው የአንድ ገበሬ ጎተራ ነው። የስፔኑ መስፍን ትርፉን በድንጋይ ላይ አኖረ። የበጌምድሩ ራስ ግን በሆድ ላይ አኖረው፤ ይህንንም የምንለው ለማሾፍ አይደለም፤ ያበላ ጌታ ሰው ያገኛል፤ ሰው ያገኘ ይገዛልና።

በዚያው ዘመን በጎንደር ግንብ ውስጥ ንጉሠ ነገሥት ነበሩ። መሳፍንቱ ሲሻቸው ያነግሧቸዋል፤ ሲሻቸው ያወርዷቸዋል። ከዐፄ ፋሲለደስ አዳራሽ የተረፈው ውስጥ ተቀምጠው ከጎንደር ነጋዴዎች በሚሰበሰብ ጥቂት ብር የሚኖሩ፤ የቤታቸውን ፍርስራሽ እንኳ ማደስ የማይችሉ ነገሥታት ነበሩ። የድንጋዩ ቤት ሥልጣን አልነበረውም፤ ሥልጣን ያለው በደብረ ታቦር በሣር ቤት ውስጥ ነበር። የራስ ጉግሣ የልጅ ልጅ የዳግማዊ ራስ ዓሊ እናት እቴጌ መነን ለራሳቸው የእቴጌነትን ማዕርግ ፈልገው የጎንደሩን ዐፄ ዮሐንስን አግብተው በጎንደር ሲቀመጡ፤ ልጃቸው ግን ወደ ግንቡ አልሄዱም። ወረሴህ ግንብ የማያውቅ ወገን አልነበረም ማለት ነው። የሚኖርበት ግንብ በእጁ ነበረ፤ አልመረጠውም።

ዳግማዊ ራስ ዓሊ በ1823 ዓ.ም. ሲሾሙ ገና ልጅ ነበሩ። ከእርሳቸው በፊት የራስ ጉግሣ ልጆች ይማም፤ ማርዬና ዶሪ በተከታታይ ገዝተው በስድስት ዓመት ውስጥ ሦስቱም አልቀዋል። ከነዚህም ራስ ማርዬ ከትግሬው ገዥ ከደጃዝማች ሰባጋዲስ ጋራ በደብረ ዓባይ ሲዋጉ ነው የወደቁት። ራስ ዓሊ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ቈዩ። በደብረ ታቦርም የሕንፃ ሥራ ከስማቸው ጋራ የሚነሣው በይበልጥ የርሳቸው ነው፤ ግቢውን አደሱ፤ አብያተ ክርስቲያናትንም አሠሩ። ከነዚህም በተራራው ላይ ያለው የደብረ ታቦር ኢየሱስ ዋናው ነው። ከእንግሊዙ ቆንስል ከፕላውደን ጋራ በ1842 ዓ.ም. የወዳጅነትና የንግድ ውል የተፈራረሙትም እርሳቸው ናቸው። ውሉ ግን በወረቀት ላይ ቀረ።

በ1834 ዓ.ም. የስሜኑና የትግሬው ገዥ ደጃዝማች ውቤ ራስ ዓሊን ለመጣል እስከ ደብረ ታቦር ድረስ መጡ። በጦርነቱ ድል የውቤ ሆነ፤ ራስ ዓሊ ሸሹ። አሸናፊው ግን በድል ደስታ ግብር ተቀምጦ ሲጠጣ፤ ከወረሴህ ወገን የሆነው የዳውንቱ ገዥ ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሶ ያዘው። የተሸነፉትም ራስ ዓሊ ተመልሰው ገቡ። ይህ ታሪክ ሲተረክ ሁልጊዜ ያስቃል። ነገር ግን አንድ ነገር ያስተምረናል፤ ግቢውን መያዝ አገሩን መያዝ አልነበረም። አዳራሹ የተያዘባቸው ራስ ሰዎቻቸው በዳውንትና በየጁ ስላሉ ተመልሰው ይቆማሉ፤ አዳራሹን የያዘው ጌታ ደግሞ በአዳራሹ ውስጥ ይያዛል።

ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ግን እንዲህ ያለ ዕድል አልተገኘም። የራስ ዓሊን ልጅ ወይዘሮ ተዋበችን አግብቶ አማቹ የሆነው ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ፤ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፤ በ1845 ዓ.ም. መጀመሪያ የራስ ዓሊን መኳንንት አንድ በአንድ መታ፤ ቀጥሎ ደብረ ታቦርን አቃጠለ፤ በመጨረሻም በሰኔ ወር በአይሻል ራሳቸውን ራስ ዓሊን ድል አደረገ። ራስ ዓሊ ወደ የጁ ሸሽተው ከእንግዲህ ወደ ሥልጣን ሳይመለሱ በዚያው ሞቱ። የሣር ጣራ አንድ ችቦ ይበቃዋል። አንድ ትውልድ ሙሉ አገር ሲገዛ የነበረ ግቢ በአንድ ቀን ዐመድ ሆነ፤ ዐመዱንም የሚያፍሰውና አዲሱን እንጨት የሚሸከመው ያው የአካባቢው ገበሬ ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸው በኋላ ደብረ ታቦርን መቀመጫ አደረጉት። በአጠገቡ በጋፋት የአውሮፓ ሠራተኞች መድፍ እንዲያቀልጡ አደረጉ፤ ሰባ ኩንታል ያህል ይመዝናል የሚባለው ሴባስቶፖል የተሠራው እዚያ ነው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን ለሁለተኛ ጊዜ በእሳት አጥፍተው፤ ያንን መድፍ በሰው ኃይል እያስጐተቱ በጋይንት በጨጨሆ በኩል መንገድ እያስጠረጉ ወደ መቅደላ ሄዱ። ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ከእርሳቸው በኋላ ዐፄ ዮሐንስ በደብረ ታቦርና በአጠገቡ ባለው በሰመራ ብዙ ጊዜ ተቀመጡ፤ በ1872 ዓ.ም. መጀመሪያ ጎርዶን ፓሻን የተቀበሉትም በዚህ አገር ነው። ይህ ሁሉ ሌላ ታሪክ ስለሆነ እናልፈዋለን።

አሁን ወይዘሮ ሒሩትን እናስታውስ። የራስ ጉግሣ መርሳ ልጅ የስሜኑን ደጃዝማች ኃይለ ማርያምን አግብታ ደጃዝማች ብጡልን ወለደች። ደጃዝማች ብጡል እቴጌ ጣይቱንና ራስ ወሌን ወለዱ። እህታቸው ከዳግማዊ ምኒልክ ጋራ ሲነግሡ ራስ ወሌ በየጁ መርጦ ላይ ተቀምጠው የጥንቱን የዘመዶቻቸውን አገር ገዙ። የራስ ወሌም ልጅ የአያት ቅድመ አያቱን ስም ወረሰ፤ ጉግሣ ተባለ። ራስ ጉግሣ ወሌ የምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ዘውዲቱን አገቡ፤ በጌምድርም ተሰጣቸው። የእቴጌ ጣይቱ ኃይል ሲወድቅ እርሳቸውም አብረው ወደቁ፤ ታሰሩ። በ1909 ዓ.ም. ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት ሲባሉ ደግሞ መኳንንቱ ባልየው ከዙፋኑ አጠገብ እንዳይቀመጥ ፈርተው ከሚስታቸው ለዩአቸው፤ በኋላም ወደ በጌምድር ተላኩ።

እንዲህ ሆኖ ያ ቤት ከአንድ ምዕት ዓመት በኋላ በሴት በኩል ዞሮ ወደ ደብረ ታቦር ተመለሰ። በአባት ርስት አልተመለሰም፤ በሹመት ነው የተመለሰው። ልዩነቱን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ለስፔኑ መስፍን ቤቱ ሹመት ይሰጠዋል፤ ለራስ ጉግሣ ወሌ ግን ሹመቱ ነው ቤት የሰጣቸው። ራስ ጉግሣ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሚወዱ፤ ሊቃውንትን የሚያቀርቡ ሰው ነበሩ ይባላል። ማእከላዊው መንግሥት በአልጋ ወራሽ ተፈሪ እጅ እየጠነከረ ሲሄድ ግን ከአዲስ አበባ ጋራ መስማማት አልቻሉም። አንዱ በዘመናዊ ሠራዊትና በገንዘብ አዲስ መንግሥት ያቆማል፤ ሌላው በደብረ ታቦር በአሮጌው ሥርዓት ላይ ተቀምጧል፤ በመካከላቸው የቀድሞ ሚስታቸው የዘውዲቱ ስም አለ።

ፍጻሜው በጋይንትና በዋድላ አዋሳኝ በአንቺም ሜዳ ሆነ። የጦር ሚኒስትሩ ደጃዝማች ሙሉጌታ ይገዙ ሠራዊት ይዘው ከወሎ በኩል መጡ። ከጦርነቱ በፊት አውሮፕላን በራስ ጉግሣ ሰፈር ላይ እየበረረ፤ ራስ ጉግሣን ከሃዲ የሚልና የሚከተላቸውም ሁሉ የተወገዘ መሆኑን የሚናገር ወረቀት በተነ። በመጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር አውሮፕላኑ ቦምብ ጣለ፤ ራስ ጉግሣም በውጊያው ላይ ወደቁ። ንግሥት ዘውዲቱ በሁለተኛው ቀን በመጋቢት 24 አዲስ አበባ ላይ ዐረፉ። በጌምድር ለራስ ካሣ ኃይሉ ተሰጠ፤ ልጃቸው ደጃዝማች ወንድወሰን ካሣም በአባታቸው ስም ይገዙ ዠመር። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ደብረ ታቦር የጠላት ምሽግ ሆነ፤ በ1933 ዓ.ም. ክረምት ተለቀቀ።

የጋይንት ገበሬ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰማይ ያየው መኪና ይህ ነበር፤ ወሬውም ለብዙ ዘመን ሲነገር ኖሯል። እኛን የሚያሳስበን ግን ሌላ ነገር ነው። በአንቺም የተሰለፈው የራስ ጉግሣ ጭፍራ ስንቁ ከየት መጣ? ከመቶ ዓመት በፊት የጥንቱን ራስ ጉግሣ አዳራሽ ከመገበው ከዚያው አገር ነው። ገዥውና መሣሪያው ተለውጧል፤ ጠመንጃው ዘመናዊ ሆኗል፤ በላዩም አውሮፕላን በርሯል። ጎተራው ግን ያው ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ዛሬ በዓይን የሚታየው ምንድን ነው? ከወረሴህ ስም ጋራ የሚነሡት ቤተ ክርስቲያኖች አሉ፤ እነርሱም እየታደሱ ስለ ኖሩ ጥንታዊ መልካቸው በመላው አልቆየም። በጋይንት ግን ከመሳፍንቱ እጅግ የሚቀድም ሌላ ሕንፃ አለ። የቤተ ልሔም ማርያም ቤተ ክርስቲያን ከውጭ ሲያዩአት እንደ ማንኛዪቱም የአገር ቤት ቤተ ክርስቲያን ክብ ናት፤ ወደ ውስጥ ሲገቡ ግን በክቡ ቤት ተሸፍኖ የቆየ በድንጋይና በእንጨት የተሠራ አራት ማዕዘን ጥንታዊ ሕንፃ ይገኛል። ቶማስ ፓኬንሃም የተባለ የእንግሊዝ ጸሐፊ በአውሮፓ 1955 ዓመት ገደማ ተጕዞ አይቶት በመጽሐፉ ስለ ጻፈ የውጭው ዓለምም ዐወቀው። ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ፤ ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ሆነው ከአገሩ ሁሉ ደቀ መዝሙር ሲቀበሉ ኖረዋል። ቀደም ብለን የቤተ ክርስቲያን ጉልት እንደ መኰንን ጉልት በየሹመቱ አይነቀልም ብለናል። ልዩነቱ በዚህ ይታያል፤ መብቱ የጸናለት ቤት ድንጋዩንም ትምህርቱንም አቆየ፤ መብቱ በየጊዜው የሚነሣበት ቤት ሁለቱንም አላቆየም።

የመሳፍንቱን ግቢ ታሪክ ለማጥናት የሚፈልግ መምህር ወይም ተማሪ እንግዲህ ፍርስራሽ ፍለጋ ብቻ ባይሄድ መልካም ነው። የርስተ ጉልትና የሲሶ ጉልት መብት በሕግ የተሻረው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ የገጠር መሬት ሁሉ በአዋጅ የሕዝብ የሆነው ደግሞ በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ሥርዓቱን በወረቀት ያላነበቡት፤ በጫንቃቸው የተሸከሙት ሰዎች ሁሉም አላለቁም። በ1958 ዓ.ም. የሃያ ዓመት ጐልማሳ የነበረ ሰው ዛሬ ወደ ሰማንያ ዓመት ይጠጋል። የት መሬት ሁዳድ እንደ ነበረ፤ ከየትኛው ጎጥ እንጨት፤ ከየትኛው ሣር ይመጣ እንደ ነበረ፤ ግብሩ ስንት ዳውላና ስንት ጉንዶ ማር እንደ ነበረ፤ ድርጎው በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ፤ የማን ቤት ለተሰሪ እንደሚመራ የሚነግረን እርሱ ነው። አርብ ቀን ገበያ ወጥቶ ከዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጠውን ሽማግሌ ቀርቦ መጠየቅና መጻፍ፤ ከተቻለም አብሮ ሄዶ መሬቱን ማየት ነው።